ጋሽ ታደሰ የሞቱበት ቅዳሜ

እኔ ድንኳን አይቼ የማለፍ ልማድ የለኝም። አንዳንዱን ሰው ካፌ ይጎትተዋል፣ አንዳንዱን የጫማ መደብር። እኔን የሚጎትተኝ ድንኳን ነው። መንገድ ዳር ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ካየሁ የሟችን ስም ሳልጠይቅ ገብቼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ "ለገዛ ዘመድህ ሰርግ አርፍደህ ለማታውቀው ሰው ለቅሶ ቀድመህ የምትደርስ አንተ ብቻ ነህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ? አፍንጮ በር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። በእኛ ሰፈር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ድንኳን ሲተከል ካስማ መያዝ ይማር ነበር።

አሁን እንኳ እዚያ አልኖርም። ግማሹ ሰፈር ለልማት ሲነሳ እኛን ዕጣችን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወስዶ አስቀመጠን። ቤቱ አይከፋም። ውሃ ሲመጣ ውሃ አለ፣ መብራት ሲኖርም መብራት አለ። ጎረቤቱ ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታውን እንኳ የሚያበድረኝ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከአፍንጮ በር ስንወጣ ብዙ ነገር ትተን እድራችንን ይዘን ወጣን። ቀብር ሲኖር ከያለንበት እንሰበሰባለን። ስብሰባ ሲኖር ግን... እሱን ተዉት። ለስብሰባ ብሎ ሁለት ታክሲ የሚቀያይር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የዚያን ቅዳሜ ወደ ፒያሳ የሄድኩት መነጽሬን ላሠራ ነው። የልጅ ልጄ ተቀምጣበት አንዱ እግሩ ተሰብሯል። ድሮ የማውቀው መነጽር ጠጋኝ አገላብጦ አየውና "ከሰዓት ይምጡ" አለኝ።

"እስከዚያ ያለ መነጽር ምን ልሁን?"

"ፒያሳን እንደሆነ በቃልዎ ያውቋታል፣ ጋሼ። ዝም ብለው ይዙሩ" ብሎ አሰናበተኝ።

በቃሌ የማውቃት ፒያሳ ግን ብዙ ቦታ ላይ የለችም። መታጠፊያ ነው ብዬ ስታጠፍ ሰፊ አስፋልት ይገጥመኛል፤ ግድግዳ አለ ብዬ እጄን ስሰድ አየር እጨብጣለሁ። አንዷን የመንገድ መብራት ምሰሶ የማውቃት ሰው መስላኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳት። በዚህ ዓይነት እየተደናበርኩ እግሬ ወደ ለመደው አመራ፤ አፍንጮ በር ደረስኩ።

ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። ያለ መነጽር የሰው ፊት አልለይም፤ የእድራችንን ድንኳን ግን፣ ጎኑ ላይ ከተጣፈችው ሰማያዊ ጨርቅ ጭምር፣ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ደነገጥኩ። ከመግቢያው በላይ ትልልቅ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ተወጥሯል፤ ምን እንደሚል ማንበብ አልቻልኩም። "መቼም ነፍስ ይማር ነው የሚለው" ብዬ ኮፍያዬን አውልቄ ገባሁ።

ውስጡን ሳይ ለጥርጣሬ ቦታ አልቀረም። ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ልጆች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ፣ ዙሪያውን አበባ የተደረደረለት፣ ትልቅ ፍሬም ውስጥ የገባ ፎቶግራፍ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ዓይኔን አጥብቤ አየሁት። ጋሽ ታደሰ! የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ፣ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ኮስተር ብለው።

ፎቶው ፊት እጅ ነስቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ። ጋሽ ታደሰ ማለት ኳሳችን ግቢያቸው ስትገባ ሳይቀዷት የሚመልሱልን የሰፈሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ካልተለቀሰ መቼ ይለቀሳል?

እዚህ ላይ እኔ ያን ጊዜ ያላወቅኩትን እናንተ ብታውቁት ይሻላል፤ አለበለዚያ አብራችሁኝ ታለቅሳላችሁ። ጋሽ ታደሰ አልሞቱም። በዚያች ሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው ቁርስ እየበሉ ነበር። ድንኳኑን የተከሉት የሰፈሩ የወጣቶች ፕሮግራም ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ በእድሩ እቃ ቤት፣ ድስትና አግዳሚ መሀል እየተሰበሰቡ ያጠናሉ። ከሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ የገቡት እየመጡ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኗቸዋል፤ ከጥናት በኋላ ደግሞ ራሳቸው ርዕስ መርጠው ይከራከራሉ። የእድሩ ኮሚቴ ግን "ክፍሉ የተሠራው ለእቃ ነው" ብሎ ሊያስወጣቸው ወሰነ። ይህን ውሳኔ መሻር የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። ጉባኤው ከአባላቱ ግማሹ ካልተገኘ አይሟላም። አባላቱ ደግሞ እንደ እኔ ያለን ነን። ልጆቹ ደጋግመው ስብሰባ አስጠሩ፣ የመጣ የለም። ይህ ቅዳሜ የመጨረሻ ዕድላቸው ነበር፤ ዛሬም ካልሞላ ሰኞ ቁልፉን ያስረክባሉ። ብዙዎቹ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባቸው።

ጥቁሩ ካናቴራ የፕሮግራማቸው ነው፤ እድፍ ስለሚችል ነው የተመረጠው። ፎቶውንም ያቆሙት የዳኛውን ልብ ያራራልናል ብለው፣ ከባለቤታቸው በምስጢር ተውሰው ነው። አበባውን ለማሳመር ጨመሩበት። ድንኳን ውስጥ ፎቶ በአበባ ሲከበብ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው ትልቅ ሰው አጠገባቸው አልነበረም። እነሆ ትልቁ ሰው መጣሁ፤ መጥቼም አለቀስኩ።

"ፋዘር፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለኝ አንድ ቀጭን ልጅ። "እንኳን መጡልን፣ አቦ! ሰው አይመጣም ብለን ሙዳችን ወርዶ ነበር።"

ለቅሶ ቤት "እንኳን መጡልን" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የዘንድሮ ልጅ ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ያቺ ዓይኗን ስትጠርግ ያየኋት ልጅ መጥታ ማህሌት እንደምትባል ነገረችኝ።

"አይዞሽ ልጄ፣ በርቺ" አልኳት።

"ፈርቼ እኮ ነው፣ ጋሼ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል።"

የሕይወት ታሪካቸውን የምታነበው እሷ መሆኗ ገባኝ። "እሳቸው መቼ ይመጣሉ?" አልኳት፣ አስከሬኑን ማለቴ ነው።

"አምስት ሰዓት ላይ። መራመድ ስለማይችሉ መኪና ልከንላቸዋል።"

"እውነትሽን ነው፣ ከእንግዲህ እንዴት ብለው ይራመዳሉ!" አልኩና ለቅሶዬን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ማህሌት ግራ ተጋብታ አየችኝ። ለጋሽ ታደሰ ጉልበት ይህን ያህል የሚያዝን ሰው አይታ አታውቅም።

እንግዲህ ስልኬን ባላወጣ ኖሮ ነገሩ እኔው ላይ ተጀምሮ እኔው ላይ ባለቀ ነበር። አወጣሁ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

"ጋሽ ታደሰ አረፉ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምን? መቼ? በምን ምክንያት?"

"አልጠየቅኩም።"

"መቼ ጠይቀህ ታውቅና!" አለችና ዘጋችው።

ሚስቴን እንዳታሟት፤ ወሬ የምትነግረው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው። ያ አንድ ቦታ ግን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከአፍንጮ በር ተነስቶ በከተማው ዳርቻ ሁሉ የተበተነው ሕዝብ እዚያ ውስጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ በሻማና በተጣመሩ እጆች ሥዕል ተጥለቀለቀች፤ ያለ መነጽርም ሻማ ሻማነቱ ያስታውቃል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሻማ ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ግን በእኛ ዘንድ ስለ ሞት አይጠየቅም። የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ያልሰማ ሰው ነው፤ ቀድሞ ያልሰማ ደግሞ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። ሁሉም የሰማ መስሎ ነጠላውን ያነሳል።

መጀመሪያ የደረሱት ከድንኳኑ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ አበበች ናቸው። ፎቶውን አይተው ደረታቸውን መቱ።

"ትናንት ማታ እኮ በራቸው ላይ ቆመው ድመታቸውን ሲጠሩ አይቻቸዋለሁ!"

"ደህና ነበሩ?"

"ደህና! ከእኔ በላይ ደህና!"

"አይ፣ ድንገት ሲሆን እንዲህ ነው" አልኳቸው። ተቃቅፈን አለቀስን። ሰውየው ትናንት ማታ በደህና መታየታቸው ትንሽ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። እኛ ግን ሐዘናችንን ለማክረር ተጠቀምንበት።

ከዚያ በኋላ ሰው በሰው ላይ ይጨመር ጀመር። ከአራዳ ዙሪያ ያሉት በእግራቸው፣ ትንሽ የራቁት በታክሲ። እየገቡ፣ ፎቶው ፊት እጅ እየነሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው አግዳሚ ፍለጋ ይሮጣሉ። እርስ በርስ ሲሳሳቁ ሰምቼ በልቤ ረገምኳቸው። ማህሌት እየሮጠች መጣች።

"ስንት ሰው መጣልን፣ ጋሼ! በሕልሜም አላሰብኩት።"

"ለእሳቸው ያልተሰበሰበ ለማን ይሰበሰባል?" አልኳት በቁጣ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከኮንዶሚኒየሞቹ የተሳፈረው ሕዝብ በሁለት ሚኒባስ ደረሰ። በሩ ሳይከፈት ለቅሶው ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ዳኛዬን! አባትዬን!" እያሉ ወረዱ። ባለቤቴ ከፊት ናት። ጥቁር ካናቴራዎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

"ምንድነው?" አለ ቀጭኑ ልጅ። "ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ?"

በዚህ ግርግር መሀል አንዲት ላዳ ከሚኒባሶቹ ኋላ መጥታ ቆመች። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ወረዱ። የሚያውቋቸው ሴቶች ሁሉ ሲያለቅሱ ሲያዩ እሳቸውም፣ ዕድሜያቸውን በእድር ያሳለፉ ሰው ናቸውና፣ ማን ነው ሳይሉ ማልቀስ ጀመሩ። እያለቀሱ ገቡ። ሁሉም ፊቱን ሸፍኗልና ማንም አላያቸውም። ቦታ ያገኙት እኔ አጠገብ ነው።

"ማን ነው የሞተብን ልጄ?" አሉኝ።

ለእኔ አንድ ነጭ ጋቢ ብቻ ናቸው። "ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ አባባ።"

"የትኛው ታደሰ?"

"የእድራችን ዳኛ።"

ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

"መቼ?"

"ሌሊቱን መሰለኝ። ድንገት ነው አሉ።"

"አይ..." አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ሌሊቱንስ ደህና ነበርኩ።"

ቀና አልኩ። እሳቸውም ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። "ትናንት ስፈልጋት የዋልኩት ፎቶዬ እዚህ ናት እንዴ?" አሉ።

እትዬ አበበች በዚህ ጊዜ ዞር ብለው አዩና የጮሁትን ጩኸት ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ከፊት ያሉት ዞሩ። ከኋላ ያሉት ገና ስላላዩ ያለቅሳሉ፤ ከፊት ያሉት እልል ይላሉ፤ መሀል ያሉት የቱን እንደሚከተሉ ስላላወቁ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ጋሽ ታደሰን ሰው ሁሉ አገላብጦ ሳማቸው። አንዷ ትኩስ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ግንባራቸውን ዳበሰች። ባለቤቴ ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ እያየችኝ ነበር፤ ያንን አስተያየት ለማየት መነጽር አያስፈልግም።

ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ግርማ፣ ክፍሉ ለድስቶቹ ይመለስ ብለው ከሁሉ በላይ የሚሟገቱት ሰው፣ ከመካከል ተነሱ።

"በሞት ይቀለዳል?" አሉ። "ድንኳን ተከሉ፣ ጥቁር ለበሱ፣ በሕይወት ያለን ሰው ፎቶ በአበባ ከበቡ! እኔ ስል የነበረው ይህንን ነው። ዛሬውኑ ቁልፉን ያምጡ!"

"ልክ ነው!" አለ አንዱ። "ልክ ነው" አሉ ብዙዎች። ለከንቱ ያለቀሰ ሰው ቁጣው ቅርብ ነው። ልጆቹን አየኋቸው። ፊታቸው ባይታየኝም ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ሲጠጉ ታየኝ። እነሱ አንድም ቀን ሞተ አላሉም። አልቅሼ ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ተነሳሁ።

"ጋሽ ታደሰን የገደልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

ከደወልኩት ስልክ ጀምሮ ተናዘዝኩ።

"ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን አላነበብክም?" አሉኝ አቶ ግርማ። "'የወጣቶች ድምፅ፣ ኑና ስሙን' ይላል እኮ!"

"መነጽሬ ፒያሳ ነው ያለው።"

"እሺ፣ ያንተ መነጽር ፒያሳ ነው። የዚህ ሁሉ ሕዝብስ?"

ያ ሁሉ ሰው በዚያ ጽሑፍ ስር አንገቱን ደፍቶ ነው ያለፈው። አቶ ግርማ ራሳቸውም ያነበቡት አሁን ነው።

"እኔ ልናገር?" አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። ማህሌት ናት።

"በእድር ጉባኤ ልጅ አይናገርም" አሉ አቶ ግርማ።

"የሞተ ሰውም አይናገርም" አሉ ጋሽ ታደሰ። "እኔ ግን ይኸው እየተናገርኩ ነው። ተናገሪ ልጄ።"

ማህሌት ወደ መሀል ወጣች። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን የለም። ወረቀት ይዛ ነበር፤ አየችውና አጣጠፈችው። እኔ፣ ባለ ዕዳው፣ በውስጤ "በይ ልጄ፣ በይ" እላለሁ።

"ቤታችን አንድ ክፍል ናት" አለች በመጨረሻ። "ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ወንድሜ የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ቀን ይተኛል፤ መብራት አይበራም፣ መጽሐፍም አይገለጥም። እኔ የማጠናው እዚህ፣ ድስቶቹ መሀል ነው። ፊዚክስ የገባኝ እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ 'አልገባኝም' ብዬ አላውቅም ነበር፤ እሱንም የተማርኩት እዚህ ነው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደጋግመን ጠራናችሁ፤ አልመጣችሁም። ዛሬ ሰው ሞተ ሲባል ግን ከከተማው ዳር ድረስ መጣችሁ። እኛ አልሞትንም። ፈተና ነው ያለብን። እንድትመጡልን የግድ መሞት አለብን?"

እትዬ አበበች የጠዋቱን ለቅሶ ሁሉ የሚያስንቅ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሱ። እኔ አፈርኩ። ማፈሬ ሳያልቅም ኮራሁ፤ የራሴ ልጅ የተናገረች ያህል ደረቴ ሞላ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግርማ፣ ጉባኤው ሞልቷል?"

አቶ ግርማ ዙሪያቸውን አዩ። ወደ ውጭም ብቅ ብለው አዩ። "ሞልቷል። ውጭም የቆመ አለ።"

"እንዲህ ሞልቶ ያውቃል?"

"እኔ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ አላየሁም።"

"እንግዲያው በሞቴ ይዣችኋለሁ" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ክፍሉ ለልጆቹ ይሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

ለሞታቸው የመጣ ሕዝብ በሞታቸው ሲለመን እንቢ የሚልበት አንጀት ከየት ያመጣል? እጅ እንደ ጫካ በቀለ። ባለቤቴ ሁለቱንም እጆቿን አወጣች፤ ምናልባት አንዱን ስለ እኔ ኃጢአት ነው። አቶ ግርማ ብቻ ቀሩ።

"ድስቶቹስ?" አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ድስት ይወዳሉ።

"መደርደሪያ ሠርተን ከላይ እንደረድራቸዋለን" አለ ቀጭኑ ልጅ። "አንድም ጭረት አያገኛቸውም፣ ፋዘር።"

አቶ ግርማ ጥቂት አሰቡ። "ትልቁ ከታች ይሁን" አሉና እጃቸውን አወጡ።

ልጆቹ ተቃቀፉ፣ ዘለሉ፣ ጋሽ ታደሰን ከነጋቢያቸው ሊያነሷቸው ምንም አልቀራቸውም። ማህሌት አለቀሰች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱ የገባኝ ለቅሶ ይህ ነው። ብዙ ግን አልቆየችም። ፊቷን ጠረገችና "በሉ፣ ሒሳብ አለብን፤ ክርክሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ" ብላ ጓደኞቿን እየነዳች ወደ እቃ ቤቱ ገባች። የሚያስጠናቸው ወጣት መጽሐፉን ይዞ ተከተላቸው። በሩ ገርበብ አለ።

እኛ ድንኳኑ ውስጥ ቀረን። ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ማንም ሳይሞትብን ሁላችንም አንድ ቦታ ስንገናኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ የለም። አንዱ ያንዱን ስልክ ይቀበላል፣ አንዷ ያንዷን የልጅ ልጅ ፎቶ ታያለች። ጋሽ ታደሰ ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞሩ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰላቸው ያጣራሉ። "አንተ ዓይንህ ደረቅ ነው" ይሉታል አንዱን። እኔን ግን አቀፉኝ፤ ያበጠውን ዓይኔን አይተው "አንተስ ከልብህ ነው የቀበርከኝ" አሉኝ። ይህን ጊዜ ባለቤቴ መቆጣቷን ረስታ በሳቅ ፈነዳች። እትዬ አበበች ተከተሏት። ድንኳኑ በሞላ ሆዱን ይዞ ሲያስካካ ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት።

"ሽሽ!" አሉ ወደ እቃ ቤቱ በር በአገጫቸው እያመለከቱ። "ልጆቹ እያነበቡ ነው።"

ሊጮህ የመጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ድምፁን ዋጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ አቶ ግርማ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ሄደው የድንኳኑን መጋረጃ ወደ ክፍሉ በኩል ጣሉት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ፣ እኛ የአፍንጮ በር ሰዎች፣ እዚያው ተቀምጠን በሹክሹክታ ስንስቅ ዋልን።